ግንዛቤ የጎደለው ማን ነው?

የወረዳ ሪፖርት ያገላበጠ ሰው አንዲት ሐረግ አትጠፋበትም፤ «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት»። ማዳበሪያው ሳይሸጥ ቢቀር፣ የተሠራው እርከን ቢፈርስ፣ ወጣቱ በደላላ እጅ ባሕር ቢሻገር፣ የተጠራው ስብሰባ ሰው ቢያጣ ምክንያቱ ይኸው ነው። መድኃኒቱም እንዲሁ የታወቀ ነው። የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ይጠራል፣ ከበላይ የወረደው ሰነድ ይነበባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ውሎ አበል ይከፈላል። መንግሥት ሲለወጥ የመድረኩ ስም ይለወጣል፤ ከሥሩ ያለው እምነት ግን አልተለወጠም። ተራው ሰው ስለ ሥራው፣ ስለ አገሩና ስለ ዓለም ያለው አስተያየት ያልበሰለ ስለሆነ ከውጭ መሞላት አለበት ይላል። ይህ ዳሰሳ ያንን እምነት በአንድ አካባቢ፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ይፈትሻል። የምከራከረው እንዲህ ብዬ ነው፤ የደጋው ሰው አስተያየት ከኑሮው ሒሳብ የተቀዳ ስለሆነ ምን እየደረሰበት እንዳለ ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ማን እንዳደረሰበት ሲናገር ግን ሊስት ይችላል። የሚስተውም ማሰብ ስለጎደለው ሳይሆን አስተያየቱን ወደ ላይ የሚያደርስ፣ እውነቱን ወደ ታች የሚያወርድ የታመነ መንገድ ስላጣ ነው።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ተነስቶ የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ፣ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚዘልቅ መንገደኛ የሚያገኛት አገሩ ወደ ዓባይ በረሃ ሊወርድ ሲዳዳው ነው። በዙሪያዋ ለጋምቦ፣ ሳይንት፣ ወግዲና ከለላ አሉ። ከላይ ገብስና ባቄላ፣ ከመካከል ጤፍና ስንዴ፣ ከታች በወንዙ ዳር ማሽላ ይዘራል። በዚህ አገር አስተያየት የሚሰጥበት ቦታ ሞልቷል። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እስኪደርስ ያልተነሳ ነገር አይኖርም። ቅሬው ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አንድ ላይ ለቀብር ይሰበስባል፤ ከቀብር መልስ የሚወራው ደግሞ ስለ ሟቹ ብቻ አይደለም። ገበያው የዋጋ ወሬ የሚለዋወጡበት ነው። በወዳጃ ላይ ሽማግሎች ስለምን ዱዓ እንደሚያደርጉ ያዳመጠ ሰው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ያነበበ ያህል ይረዳል። ዝናብ በጊዜው እንዲጥል፣ የታመመ እንዲድን፣ በስደት ያለው ልጅ በሰላም እንዲመለስ፣ አገር ሰላም እንዲሆን ይለመናል። ሥራው፣ ፖለቲካውና ዓለሙ እዚያ በአንድ ትንፋሽ ይጠራሉ፤ እያንዳንዱን ለየብቻ አድርጎ የሚያየው ቢሮው ነው።

ከሩቁ፣ ከዓለም ጉዳይ እንጀምር። ስለ ዩክሬን ጦርነት የቦረና ገበሬ ምን አገባው የሚል ቢኖር የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩን መጋዘን ይመልከት። ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን የአፈር ማዳበሪያ የምታስገባው ከውጭ ነው። ጂቡቲ ላይ ይራገፋል፣ በከባድ መኪና ወደ መሐል አገር ይገባል፣ በዩኒየን በኩል ወደ ማኅበሩ ይደርሳል፣ ከማኅበሩ በአህያ ጀርባ ወደ ማሳው ይሄዳል። የዓለም ባንክ በየወሩ በሚያወጣው የዋጋ ሰንጠረዥ አንድ ቶን ዩሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 በአማካይ 230 ዶላር ገደማ ነበር፤ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ከ900 ዶላር አልፏል። የተፈጥሮ ጋዝ ተወደደ፣ ቻይና ወደ ውጭ የምትልከውን ገደበች፣ በዚያ ላይ ሩሲያ በየካቲት 2014 ጦርነቱን ጀመረች። መንግሥት ከፊሉን ቢደጉምም ገበሬው የሚከፍለው በአንድ ዓመት ውስጥ እጥፍ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በገንዘብም የሚገኝ ጠፍቶ በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ ወጡ። ማዳበሪያ በሚከፋፈልበት ቀን ዝርዝሩን ይዞ በር ላይ የቆመውን ጸሐፊ፣ ስሙ እስኪጠራ የሚጠብቀውን ሰው፣ ኩንታሉ በሁለት ከረጢት ተከፍሎ ሲጫን ያየ ሁሉ ይህ ሰው ከኦዴሳና ከቤጂንግ ጋር የተያያዘ ሒሳብ እንዳለው ይገባዋል። ሒሳቡን ያውቀዋል። «ነጋዴው ደበቀው» ወይም «ካድሬው ሸጠው» ሲል ከፊሉን እውነት ይዟል፣ ምክንያቱም በየመንገዱ የሚቀር ማዳበሪያ አለ። ስለ ጋዙና ስለ ወደቡ የሚነግረው ግን የለም። ዋጋው የናረበትን ምክንያት ከማኅበሩ ግድግዳ ላይ አንብቦ ማወቅ ሲገባው ከገበያ ወሬ ይለቅማል።

ሌላው የዓለም በር ዓረብ አገር ነው። ከደቡብ ወሎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ኩዌትና ወደ ቤይሩት የሚሄደው ወጣት ብዙ ስለሆነ እዚያ የሚወጣ ሕግ እዚህ የሚሰማው ከአዲስ አበባው ሕግ ቀድሞ ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ስታባርር በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ ባዶ እጁን የተመለሰው የአንዱ ቤት ልጅ የሌላውም ጎረቤት ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት፣ የካፋላ ሥርዓት፣ የውጭ ምንዛሪ ተመን የሚባሉት ነገሮች በቡና ላይ የሚነሱት በነዚህ ስሞች ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ፓስፖርቷን አሠሪዋ የያዘባት ልጅ እናት ካፋላ ምን እንደሆነ ከብዙ ተንታኝ በላይ ታውቃለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ገባ። የሐዋላ ገንዘብ ለሚጠብቅ ቤት ይህ ደስታ ነበር፤ ዘይትና ማዳበሪያ ለሚገዛው ለዚያው ቤት ደግሞ ሐዘን። በአንድ ጣሪያ ሥር ስለ አንድ ውሳኔ ሁለት አስተያየት መኖሩን እንደ መወላወል የሚያይ ሰው ሒሳቡን አልሠራም። ሁለቱም ልክ ናቸው። የአሜሪካ ውሳኔ እንኳ በዚሁ መንገድ ይደርሳል። የምግብ ዕርዳታ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ተመዝብሯል ተብሎ በመላ አገሪቱ ለወራት ሲቋረጥ፣ በመጋቢት 2017 ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ ሲታገዱ ዋሽንግተን የተወሰነው ነገር የደጋውን ሰው አንዴ በእህል፣ አንዴ በሬዲዮ በኩል ነክቶታል።

ወደ ሥራው እንምጣ። ስለ ደጋው ሰው ሥራ ከከተማ የሚሰነዘረው አስተያየት ሁለት ነው፤ በዓል ያበዛል፣ ሥራ ይንቃል። ለመጀመሪያው መልሱ በሰማዩ ላይ ነው። ከፍ ያለው ደጋ በበልግ ዝናብ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በልጉ ከቀረ፣ ለምሳሌ በ1991 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ እንደቀረው፣ ስንት ቀን ቢሠራ ገብሱ አይበቅልም። የሰው ጉልበት የሚፈለገው በእርሻና በአጨዳ ወቅት ተደራርቦ ነው፤ ያን ጊዜ ወንፈሉ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን እያፈራረቀ የአንዱን በዓል በሌላው ጉልበት ይሸፍናል። በዓሉ የሚበዛው ሥራ በሌለበት ጊዜ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የቀን ቁጥር ብቻ ቆጥሮ የድህነትን ምክንያት አገኘሁ የሚል ሰው ማሳውን አላየም። ከዚህ ሌላ ገበሬው ለራሱ የማይሠራበት፣ ነገር ግን በዓል ተብሎ የማይቆጠር ጊዜ አለ። ከጥር እስከ የካቲት ለተፋሰስ ሥራ በዘመቻ ይወጣል። ያለ ክፍያ እርከን ይሠራል፣ ድንጋይ ይክባል። ይህ አፈር በበሽሎና በወለቃ ወደ ዓባይ የሚወርድ ስለሆነ ሥራው የግድቡ ሥራ አካል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጋቢት 24 ቀን 2003 የተጀመረውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ሲነሳ ቦንድ የገዛውና ደመወዙን የሰጠው ይመሰገናል፤ የላይኛው ተፋሰስ ገበሬ በየዓመቱ ያፈሰሰው ጉልበት ግን እምብዛም አይነሳም። እርከኑ በዓመቱ ፈርሶ ሲገኝ ግን የግንዛቤ እጥረት ይባላል። ገበሬውን ቢጠይቁት ምክንያቱን ይናገር ነበር፤ እርከኑ አይጥ ያረባል፣ ለበሬ መዞሪያ አይበቃም፣ ከተሠራ በኋላ ከብት የሚከለክለው የለም። እነዚህ የባለሙያ አስተያየቶች ናቸው።

ሥራ ይንቃል ለሚለው ደግሞ በቅርቡ የታየ ማስረጃ አለ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲከፈት የወሎ ወጣት ወደ ፋብሪካ ይጎርፋል ተብሎ ነበር። ሆኖም ሠራተኛው እየገባ ይወጣ ነበር፤ ይህም የኮምቦልቻ ብቻ ችግር አልነበረም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ለይተው ባደረጉት ጥናት ከተቀጠሩት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ለቅቀዋል። ደመወዙ በግል ተባራሪ ሥራ ከሚገኘው አልበለጠም ነበር፤ ጤናቸውም ተጎድቷል። እንግዲህ ፋብሪካውን ያልወደደው ወጣት ጥናቱን ሳያነብ የጥናቱን ውጤት ያውቅ ነበር ማለት ነው። የቤት ኪራይና ምግብ ሲቀነስ ምን እንደሚተርፍ ቆጥሯል፤ በሳዑዲ የቤት ሠራተኛ በወር 1,000 ሪያል ገደማ እንደምታገኝም ሰምቷል። አገሪቱ እስካሁን ለግል ሠራተኛ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል አልደነገገችም፤ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢልም ሠራተኛው ወለሉን አላየም። በዚያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ደርሶ ፓርኩ ተዘረፈ፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ደግሞ አሜሪካ የአጎዋን የቀረጥ ነፃ ዕድል አነሳች። ፋብሪካ መተማመኛ አይሆንም ያለው አስተያየት በዓመት ውስጥ ሁለቴ ተረጋገጠ።

የመንግሥት ሠራተኛውም ከዚህ የተለየ አይደለም። በመካነ ሰላም ከተማ ደመወዝ የሚበላው መምህር፣ ነርስና የግብርና ባለሙያ ገበሬውን ግንዛቤ እንዲያስጨብጥ ይላካል፤ የራሱ አስተያየት ግን ከገበሬው አስተያየት ያልተሻለ መውጫ ነው ያለው። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄያቸውን ይዘው ሥራ ሲያቆሙ ብዙዎቹ ታስረዋል። ከወራት በኋላ መንግሥት ከመስከረም 2018 ጀምሮ የሚከፈል ጭማሪ አሳወቀ፤ ዝቅተኛው 6,000 ብር፣ የጀማሪ ባለ ዲግሪ 11,500 ብር ሆነ። ጥያቄው ልክ ካልነበረ ጭማሪው ለምን መጣ? ልክ ከነበረስ ጠያቂው ለምን ታሰረ? ይህ ተቃርኖ የሚያሳየው የመንገዱን እንጂ የአስተያየቱን ጉድለት አይደለም፤ ጥያቄ በትክክለኛው ሰዓት ሲቀርብ አመፅ፣ ዘግይቶ ሲመለስ ስጦታ ተደርጎ ይታያል።

በፖለቲካው ከሁሉ የሚያስገርም ማስረጃ የሚገኘው ከአስተያየት ጥናቶቹ ከራሳቸው ነው። አፍሮባሮሜትር እ.ኤ.አ. በ2013 በኢትዮጵያ 2,400 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ኢትዮጵያውያን የአገራቸውን ዴሞክራሲ የመዘኑት ከብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ዜጎች በላይ ከፍ አድርገው ነው። ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ በግንቦት 2007 ምርጫ፣ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ የተወካዮች ምክር ቤቱን 547 መቀመጫዎች ሙሉ በሙሉ ያዙ። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሕዝቡ ረክቷል ይል ነበር። ነገር ግን ከምርጫው ስድስት ወር በኋላ ኦሮሚያ ተነሳች፤ ሐምሌና ነሐሴ 2008 ጎንደርና ባሕር ዳር በሰልፈኛ ተሞሉ፤ መስከረም 2009 ላይ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። ሮበርት ማተስና ሙሉ ተካ በአፍሮባሮሜትር ስም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጽሑፍ ይህን መልስ ያመጣው ፍርሃት ይሆን፣ የመረጃ ማነስ፣ ወይስ የተለየ የዴሞክራሲ አረዳድ ብለው መርምረዋል። ከምርመራው የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እያለ ያደገ ሰው፣ በሩ ላይ መጥቶ መንግሥትህን እንዴት ታየዋለህ የሚለውን እንግዳ ከማን እንደተላከ ሳያረጋግጥ ሆዱን አይሰጠውም። መልሱ ውሸት ነበር ማለት አይቻልም፤ የጠያቂና የተጠያቂ ግንኙነት ምን እንደሚመስል በእውነት ያሳየ መልስ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ከየት መጣ ቢባል ታሪኩ ሩቅ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል በደርግ ዘመን የቀበሌ ገበሬ ማኅበር አመራር የነበሩት «ቢሮክራሲ» ተብለው ከሌላው ያነሰ መሬት እንዲቀርላቸው ተደረገ። ገበሬው ከዚህ የተማረው የፖለቲካ ቦታ በማሳ ልክ እንደሚለካ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 በተደረገው ምርጫ ብዙ የአማራ ክልል ወረዳዎች ተቃዋሚውን መረጡ፤ ከዚያ በኋላ የቀበሌ ምክር ቤቶች እስከ ሦስት መቶ አባል እንዲኖራቸው ተደርጎ፣ በሚያዝያ 2000 በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ የነበሩት መቀመጫዎች ከጥቂቶቹ በቀር በገዢው ፓርቲ ተያዙ። የልማት ቡድንና አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት እያንዳንዱን አባወራ ከአንድ መሪ ሥር አስገባ። በወረቀት ሲታይ ይህ አስተያየት የሚሰበሰብበት ጥቅጥቅ ያለ መረብ ነው። አንዱን ስብሰባ ግን ቀረብ ብለን እንይ። አጀንዳው ከወረዳ የመጣ ነው። ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው ማዳበሪያ ወይም ሴፍቲኔት ሲመጣ ይታወስለታል። ሰነዱ ይነበባል። «ጥያቄ ያለው» ይባላል፤ ሁለት ሰው ስለ መንገድና ስለ ውሃ ይጠይቃል፣ ከመድረኩ «በሒደት ይመለሳል» የሚል መልስ ይሰጣል። በመጨረሻ ባለ ብዙ ነጥብ የአቋም መግለጫ ይነበባል፤ መግለጫው የተጻፈው ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ነው። ሰው እጁን ያወጣል፣ ያጨበጭባል። ማታ ቡናው ላይ የሚነገረው ሌላ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላል ያገሩ ሰው። ይህ መረብ ወደ ታች ይሠራል፤ ወደ ላይ ሲሆን ቀዳዳው የሚያሳልፈው ጭብጨባን ብቻ ነው።

ይህ የአሠራር ጉድለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከወሎ በላይ የሚመሰክር አገር የለም። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡን ለማሳወቅ አዲስ አበባ ድረስ የመጡ የወሎ ገበሬዎችን ፖሊስ መለሳቸው። የዓለም ሰው ነገሩን ያየው በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የብሪታንያው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን ባሳየው ፊልም ነው። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረሃብ መርምሮ በጣም የሚያሳዝን ነገር አገኘ፤ በአገሪቱ የነበረው እህል በዚያ ዓመት እጅግ የቀነሰ አልነበረም፣ በደሴ የእህል ዋጋም ያን ያህል አልናረም፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የሚወጣ እህል ነበር። የጠፋው የገበሬው የመግዛት አቅም ነው። ዋጋን ብቻ የሚያይ ቢሮ ረሃቡን ሊያየው አይችልም ነበር። ከብቱን በርካሽ የሸጠው፣ ለቀን ሥራ ሄዶ ያጣው ሰው ግን ያውቀዋል፤ ሊናገርም ተነስቶ ነበር። ሴን በኋላ ነፃ ጋዜጣና ተቃዋሚ ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ አይደርስም ሲል ያቀረበው ክርክር ላይ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ወሎ ግን የሚያጨቃጭቅ አይመስለኝም። ማስጠንቀቂያው የተነገረው በጊዜው ነው፤ የሚሰማ ስለጠፋ ያንን የመሰለ ሞት መጣ፣ ዘውዱም በዓመቱ ወደቀ።

አሁን ተቃውሞዎቹን እንስማ። የመጀመሪያው ጠንካራ ነው፤ የቡናው ወሬ በአሉባልታ የተሞላ ነው፣ ሰዎችን በብሔር እየፈረጀ ይወቅሳል፣ ከሶሻል ሚዲያ የሰማውን ሁሉ ያምናል ይላል። እውነት አለው። ከላይ እንዳልኩት የደጋው ሰው ጉዳቱን ከመናገር አልፎ ጎጂውን ሲሰይም ይስታል፣ ስሕተቱም ሰው ሊያስገድል ይችላል። ነገር ግን አሉባልታ የሚያብበው መቼ እንደሆነ እንይ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተስፋፋ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ወጡ። መንገድ ሲዘጋ ማዳበሪያውም ዜናውም አብረው ይቀራሉ። በሁለት ጠመንጃ መካከል የሚኖር ሰው አንዱ ጋ የተናገረውን ሌላው እንዳይሰማበት ይጠነቀቃል፤ የሚያምነውን የሚነግረው ለሚያምነው ዘመዱ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ወሬን የሚያጣራ ገበያ የለም። አሉባልታን በመዝጋት መከላከል ይቻላል የሚል ወገን የመዘጋቱን ዓመታት ውጤት ያስረዳ። በእነዚህ ዓመታት ወሬው እንደቀነሰ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የደጋው ሰው አስተያየት» ስትል የማንን ነው የሚል ነው። ይህ ከመጀመሪያው የበለጠ ያሳስበኛል። በስብሰባ የሚጠራው የአባወራው ስም ነው፤ ሴቷ ከኋላ ትቀመጣለች፣ ብትናገርም በባሏ ታስባ ነው። በሽምግልና የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው። ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳርም በዚሁ አገር «ያገር አስተያየት» ሆኖ ሲከበር ኖሯል። ስለዚህ ያካባቢን አስተያየት መስማት ማለት ሽማግሎቹን ብቻ መስማት ከሆነ አንዱን ዝምታ በሌላ ዝምታ መተካት ነው። ሆኖም ነገሩ ራሱ እየተለወጠ ነው። የመሬት ማረጋገጫ ደብተሩ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይዞ መጥቷል። ቤቱን በቆርቆሮ ያለበሰችው፣ ወንድሟን ያስተማረችው ልጅ ከኩዌት ስትደውል ስለ ማግባትም ስለ መሸጥም የምትለው ይደመጣል። የእርሷን አስተያየት ያገር ሽማግሌ ሳይጠየቅ ገንዘቧ አስገብቶታል። የቀረው የሕዝብ መድረኩ ይህን የቤት ለውጥ ተከትሎ መምጣቱ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባለሙያ ይመጣል፤ ስለ አፈር ኬሚስትሪ፣ ስለ ምንዛሪ ፖሊሲ በእጅ ማውጣት አይወሰንም ይላል። ልክ ነው፣ አይወሰንም። ይሁን እንጂ ባለሙያው ራሱ ከገበሬው ጋር ያለውን ሒሳብ ይመልከት። ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ ላለ ማሳ ሁሉ የተሰጠው ምክር በሔክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚል ነበር። ለገደል አፋፉ ስስ አፈርም ለጃማ ሜዳ ጥቁር አፈርም አንድ ምክር ነው። ገበሬው መሬቱ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ስለሚያውቅ እያሳነሰ፣ እየከፋፈለ ይጠቀም ነበር፤ ይህም ምክር አለመቀበል ተብሎ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአገሪቱ አፈር በላብራቶሪ መመርመር ሲጀምር ከፎስፈረስና ከናይትሮጅን ሌላ ድኝም ቦሮንም የጎደለው ቦታ ብዙ እንደሆነ ታወቀ፤ ዳፕ ቀርቶ ኤንፒኤስ መጣ። ገበሬው ቦሮን የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። አንድ ምክር ለሁሉም እንደማይሆን ግን ላብራቶሪው ሳይመጣ ያውቅ ነበር። ባለሙያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ሰውዬው የታየውን ምልክት ሰምቶ ምክንያቱን እንዲፈልግለት።

አንዳንዶች ደግሞ አሁን የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ስላለ ነገሩ መፍትሔ አግኝቷል ይላሉ። ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 2014 በአዋጅ ሲቋቋም አጀንዳ ከታች መሰብሰብን ሥራው ማድረጉ በጎ ነው። ግን የአማራ ክልል አጀንዳ በ2017 ዓ.ም. በባሕር ዳር ሲሰበሰብ ክልሉ በውጊያ ውስጥ ነበር፤ ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ ሐሳቡን በነፃ የሚናገር ሰው መላክ በማይቻልበት ጊዜ የተሰበሰበ አጀንዳ ምን ያህል ያገሩ ነው ብሎ መጠየቅ ኮሚሽኑን ማጥላላት አይሆንም። ከዚህም በላይ በአሥር ዓመት አንዴ የሚደረግ ታላቅ ጉባኤ በየወሩ የሚደረገውን ትንሽ ስብሰባ አይተካም። ሰው ስለ መንግሥት ያለውን እምነት የሚያገኘውም የሚያጣውም በማኅበሩ መጋዘን በርና በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው።

ከዳሰሳው የሚወጣው መደምደሚያ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የአቋም መግለጫ ከስብሰባ በፊት መጻፉ ይቅር። የተነሳ ጥያቄ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ በቀጣዩ ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ከምላሹ ጋር ይነበብ፣ ካልተመለሰም አልተመለሰም ይባል። ማዳበሪያው ጂቡቲ ላይ ስንት እንደ ነበረ፣ ለትራንስፖርት፣ ለባንክ ወለድና ለማኅበሩ ትርፍ ስንት እንደ ተጨመረበት በመጋዘኑ በር ላይ ይለጠፍ፤ ያን ጊዜ ነጋዴው ቢሰርቅ ይታወቃል፣ ካልሰረቀም ስሙ አይጠፋም። የስብሰባ መቅረትና የሴፍቲኔት ዝርዝር ይለያዩ፤ ስንዴ የሚሰፈርለት ሰው የሚያስበውን አይናገርም። እንደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተቋም ደግሞ በዞን ደረጃ የሕዝብ አስተያየት እያጠና፣ ሴቷንም ወጣቱንም ለየብቻ ጠይቆ፣ ውጤቱን በአማርኛ ለጠየቃቸው ሰዎች መልሶ ያንብብ። ከነዚህ አንዱም ሰላም ሳይኖር በሙሉ አይሠራም፤ ሰላሙም ያለ እነርሱ አይቆይም፣ ምክንያቱም ጠመንጃ ያነሳው ወጣት ከማንሳቱ በፊት በብዙ ስብሰባ ጥያቄው በሒደት ይመለሳል ተብሎ ነበር። ለግንዛቤ ማስጨበጫ የተያዘ በጀት ካለ እንግዲህ አይታጠፍ፤ ግማሹ አቅጣጫውን ይቀይርና ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ለሚሄደው ግንዛቤ ይዋል።